አባቴን የማይወስድ ክር

አባቴ የታመመ ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሞ ፊቱን ይታጠብ ነበር። ሳሙናው ከቀኝ እጁ አመለጠና ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል እሱም አብሮ ወደቀ። እናቴ ድምፁን ሰምታ ከጓሮ ሮጣ ስትመጣ፣ ቀኝ ጎኑ ሁሉ ከድቶት፣ ሊናገር እየሞከረ ቃል አልወጣ ብሎት አገኘችው። ስትሮክ ነበር።

እኔ እዚሁ ሆሳዕና፣ ከእነሱ ቤት ብዙም በማይርቅ ሰፈር እኖራለሁ፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ወንድሞቼና እህቶቼ በየከተማው ተበትነዋል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ እሱን ማብላቱ፣ ማጠቡና ደግፎ ማስኬዱ የእናቴና የእኔ ሥራ ሆነ። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለትና በከዘራ መሄድ ጀመረ። ንግግሩም እየተንቀራፈፈ ቢሆንም መጣ። ያስቸገረን ቀኝ እጁ ነው። መጀመሪያ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ የነበረው እጅ ከወራት በኋላ መጨበጥ ሲጀምር ሁላችንም እልል ለማለት ምንም አልቀረንም። ብዙ ሳይቆይ ግን አንድ ነገር አስተዋልን። እጁ ይጨብጣል እንጂ አይለቅም። ብርጭቆ አንስቶ ይጠጣና ማስቀመጥ ሲፈልግ ጣቶቹ አይፈቱለትም፤ በግራ እጁ አንድ በአንድ መፈልቀቅ አለበት። አንድ ቀን የጎረቤታችንን እጅ ሊሰናበት ጨብጦ፣ ሁለቱም እየተሳሳቁ በር ላይ ቆመው ቀሩ። አባቴ ይስቅ የነበረው ለሰውየው ብሎ ነው። ሰውየው ሲሄድ የአባቴን ፊት አየሁት፤ ሳቅ አልነበረበትም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ይህ በዚህ ሕመም የተለመደ መሆኑን ነገረችን። ጡንቻው ለመጨበጥ ይፈጥናል፣ ለመፍታት ይዘገያል፤ የሚሻሻለውም እጁ ሥራ ሲያገኝ ነው አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

"አባባ፣ በፊት በእጅዎ ምን መሥራት ይወዱ ነበር?"

አባቴ ከንፈሩን ጥቂት ካንቀሳቀሰ በኋላ፣ "ዓሣ" አላት።

ልጅቷ ዓሣ መብላት የሚል መስሏት ፈገግ አለች። እናቴ ግን በደንብ ስለገባት ቦርሳዋን ዘጋችና፣ "እሱ የማይሆን ነው" ብላ ተነሳች።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። ወጣት ሳለ ወደ ቆላው በሚወርድ መንገድ ሥራ ላይ ቢላቴ ወንዝ አጠገብ ካምፕ ገብተው ነበርና ዓሣ ማጥመድን እዚያ ለመደ። እኛ ሰፈር ውስጥ ከእሱ በቀር ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አላውቅም። ሆሳዕና ላይ ዓሣ ማለት ከሐዋሳ ወይም ከአርባ ምንጭ በበረዶ መጥቶ ምግብ ቤት የሚቀርብ ነገር ነው። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ቦኖሻ ከተማ ይወርድና ከዚያ ሞተር ይዞ ወንዙ ድረስ ይሄዳል። አንዳንዴ አምባዛ ይዞ ይመጣል። እናቴ በሚጥሚጣ ጠብሳ በቆጮ ታቀርብልናለች። ባዶ እጁን የሚመጣበት ቀን ይበዛል፤ ያን ቀን ደግሞ ስላመለጡት ዓሣዎች ያወራልናል።

ከሱቅ የሚገዛ ዘንግ ኖሮት አያውቅም። ያለው ማጠንጠኛ ነው፤ ራሱ ከዋንዛ የጠረበው፣ መሐሉ ቀጠን፣ ጫፍና ጫፉ ሰፋ ያለ እንጨት። በላዩ የናይለን ክር ይጠመጠማል፤ በክሩ ጫፍ እርሳስና መንጠቆ ይታሰራል። እርሳሱን አዙሮ ወደ ውሃው ከወረወረ በኋላ ማጠንጠኛውን በግራ እጁ ይዞ ክሩን በቀኝ እጁ ጣቶች መሐል ያሳልፈዋል። ዓሣ ሲነካው የሚያውቀው በዚያ ጣት ነው። ትልቅ ዓሣ ሲይዝለት ጣቱን ላላ አድርጎ ክር ይሰጠዋል። ዓሣው ሮጦ ሮጦ ሲደክመው እየጠመጠመ ያመጣዋል።

አሁን ያ ጣት አይላላም። እናቴን ያስፈራትም ይኸው ነው። "ትልቅ ዓሣ ቢይዝ እጁ ክሩን አይለቅም" አለችኝ ከፊዚዮቴራፒ ስንመለስ፣ አባቴ ባጃጁ ውስጥ አጠገባችን ተቀምጦ እየሰማ። "ክሩን ካልለቀቀ ደግሞ ተጎትቶ ይገባል። እንኳን አሁን፣ ድሮም በአንድ እግሩ ጭቃ ላይ ቆሞ ነው የሚያጠምደው።"

አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ የታዘዘለትን እንቅስቃሴ ተወ። ለእጁ መለማመጃ የተሰጠችውን የላስቲክ ኳስ መስኮቱ ላይ አስቀመጣት። ምግብ ስናቀርብለት ይበላል፣ ተነስ ስንለው ይነሳል፤ ከዚህ ያለፈ ነገር ከእሱ ጠፋ። እናቴ ማታ ማታ ስትጸልይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዲመልስላት ትለምናለች። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

አንድ እሑድ የድሮ የሥራ ባልደረባው ከዱራሜ ሊጠይቀው መጣ። ከአባቴ ጋር በየካምፑ የኖረ መካኒክ ነው፤ አሁን እሱም ጡረታ ወጥቷል። አባቴ በሀዲይኛ፣ እሱ በከምባትኛ ያደጉ ስለሆኑ ዕድሜ ልካቸውን በአማርኛ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ከክርክራቸውም ዋናው የዓሣ ክር ውፍረት ነው። እሱ ወፍራም ክር ይወዳል፤ ዓሣውን እንደ ተበላሸ መኪና ጎትቶ የሚያወጣ ሰው ነው። አባቴ ደግሞ ወፍራም ክር ውሃ ውስጥ ይታያል፣ ዓሣውም ይሸሻል ይላል። የዚያን ቀን ሰውየው ከኮቱ ኪስ አንድ ጥቅል ክር አውጥቶ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠለት።

"ስትድን የምንሄድበት ነው" አለ። "በሬ ይጎትታል።"

እናቴ ቡና ይዛ እየገባች ነበር። "በሬ የሚጎትት ክር ሰው መጎተት ያቅተዋል?" አለችና ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ስጦታውን መልሶ ኪሱ ሊከት እጁን ሲዘረጋ አባቴ ጥቅልሉን በግራ እጁ ያዘበት።

"ቀጭን" አለ።

ሁላችንም ጠበቅነው። አንድ ቃል ከወጣለት ቀጣዩን ለማምጣት ጊዜ እንደሚፈልግ ለምደናል።

"ቀጭን ክር... ይበጠሳል።"

መጀመሪያ የገባኝ እኔ ነኝ መሰለኝ። እጁ የማይለቅ ከሆነ ክሩ ይልቀቅ እያለን ነበር። አባቴን ሳይጎትተው በፊት የሚበጠስ ክር ቢገኝ፣ እጁ ተጨብጦ ቢቀርም እሱ ባለበት ይቀራል።

"በቀጭን ክር አምባዛ ልትይዝ?" አለ ወዳጁ። "ትል አብልተህ ልትሸኘው ነው እንጂ።"

"ይሂድ" አለ አባቴ።

እናቴ ረከቦቱ ላይ ስኒ እየደረደረች፣ "ቀጭን የሚባለው ስንት ኪሎ የሚችለው ነው?" ብላ ጠየቀች። ከሦስታችን የሚያውቀው አልነበረም። እሷም እሺ አላለችም። አይሆንም ግን አላለችም።

በሳምንቱ መሐል ከትምህርት ቤት ስወጣ ገበያ ገባሁ። ገመድ፣ ሲባጎ፣ ላስቲክና ሚስማር የሚሸጥ አንድ የጉራጌ ነጋዴ አለ፤ ሱቁን ከአባቱ የተረከበ፣ ሁለት ልጆቹን ያስተማርኩለት። የናይለን ክር ከእሱ የሚገዙት ጨሌ የሚሰኩ ሴቶችና ግንበኞች ናቸው።

"ቲቸር፣ ዓሣ ማጥመድ ጀመርሽ እንዴ?" አለኝ። የአባቴን ነገር ነገርኩት። ሳቁን አቁሞ ጥቅሎቹን ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። እያንዳንዱ ላይ ውፍረቱና የሚሸከመው ኪሎ ተጽፏል።

"ይሄን ጽሑፍ ለሌላ ጊዜ ልታምኚው ትችያለሽ" አለ። "ለእሳቸው ከሆነ ግን አትመኚው። የተጻፈበትን የማይችል አለ፣ ከተጻፈው በላይ የሚችልም አለ። ለአንቺ ደግሞ የባሰው ከተጻፈው በላይ የሚችለው ነው። ከየዓይነቱ ልቁረጥልሽ፤ ቤት ሞክሩትና የሚሆነውን መጥተሽ ውሰጂ።"

ቅዳሜ ጠዋት ወዳጁም ከዱራሜ ተመልሶ መጣ። አባቴን ግቢ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። የአቮካዶው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ክር አስሬ በጫፉ ጀሪካን አንጠለጠልኩና ውሃ በጆግ መጨመር ጀመርኩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሒሳቡ አያስቸግርም። የመጀመሪያው ክር ገና ብዙ ሳልጨምር ጧ ብሎ ተበጠሰና ጀሪካኑ እግሬ ሥር ወደቀ። አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ጫፉን እንዳሳየው በምልክት ጠራኝ። የተበጠሰው መሐሉ ላይ ሳይሆን እኔ የቋጠርኩበት ቦታ ላይ ነበር።

በግራ እጁና በጥርሱ እየታገዘ እንዴት እንደሚቋጠር አሳየኝ። ክሩን በራሱ ላይ ደጋግሞ ይጠመጥመዋል፣ ጫፉን በቀለበቱ ያሳልፈዋል፣ ከማጥበቁ በፊት ደግሞ ቋጠሮውን አፉ ውስጥ ያስገባዋል። "ምራቅ" አለኝ። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃ ይግላል፣ ይጎዳል፤ የረጠበው ግን ለስልሶ ይገባል። በእሱ ቋጠሮ ያው ክር ቅድም ከያዘው በላይ ያዘ። ወዳጁ ደግሞ ወንዝ ውስጥ የሚገባው ክር ደረቅ አይደለም፣ ናይለን ውሃ ሲጠጣ ይደክማል አለ። ስለዚህ ቁራጮቹን ሁሉ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈን እንደገና ጀመርን። ከነጋዴው ሦስት ክሮች የመጀመሪያው ትንሿን ጀሪካን በግማሿ እንኳ አልቻለም። ሁለተኛው ጀሪካኗ አምስት ሊትር ሞልታ ትንሽ እንደቆየች ተበጠሰ። ሦስተኛው ከዚያ እጥፍ በላይ ተሸከመ። የዱራሜው ሰው ክር ላይ ትልቁን ጀሪካን እስከ አፉ ሞልተን ሰቀልነው፤ ቅርንጫፉ ጎበጠ እንጂ ክሩ ምንም አልሆነም።

እናቴ ይህን ሁሉ ከኩሽናው ደጃፍ ቆማ ስታይ ቆይታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

"ጀሪካን ዝም ብሎ ይንጠለጠላል" አለች። "ዓሣ ግን ይጎትታል። እስቲ እኔ ልጎትተው።"

እናቴ እንሰት ስትፍቅና ስትጨምቅ የኖረች ሴት ናት፤ ክንዷን የሚያውቅ አይንቃትም። ወፍራሙን ክር አነሳች። አንዱን ጫፍ አባቴ በቀኝ እጁ ጨበጠ፣ ሌላውን እሷ መዳፏ ላይ በነጠላዋ ጫፍ ጠምጥማ ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች። እኔ ከወንበሩ ኋላ ሆንኩ። ቀስ ብላ ጀመረችና አንዴ በኃይል ሳብ አደረገችው። አባቴ ከወንበሩ ተነቅሎ ወደፊት መጣ። በብብቱ ይዤ ባላስቀረው በግንባሩ ይደፋ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እጁ አልተፈታም። ክሩ ላይ እንደተጨበጠ ነጭ ሆኖ ነበር።

እናቴ ክሩን ጥላ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። የምትፈራው ነገር በራሷ እጅ ሲሆን አየችው። ወዳጁ ክሩን እየሰበሰበ ከማናችንም ጋር ዓይን ላለመጋጨት መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

"ቀጭኑን... ስጪኝ" አለኝ አባቴ።

እናቴን አየኋት። ቀና ብላ እሱን አየችው፣ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ተነሳችና ራሷ ከሳፋው ውስጥ ሦስተኛውን መርጣ አወጣች። ስትጎትተው የወንበሩ የኋላ እግሮች ተነሱ፤ ክሩ የተበጠሰው ከዚያ በኋላ ነው። "አይሆንም" ብላ ጣለችው። ሁለተኛውን አነሳች። ያስቆጣት ነገር ያለ ይመስል ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበችው። አባቴ ወደፊት ዘንበል እንኳ ሳይል ክሩ ተበጠሰና እናቴ በቂጧ ሣሩ ላይ ወደቀች፤ ነጠላዋ ፊቷ ላይ ተገለበጠ።

ከኋላው የያዝኩት የአባቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ሳየው እየሳቀ ነው። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አፉ ወደ አንድ በኩል ተጣሞ፣ እንባው እየወረደ፣ ድምፅ እያወጣ ሳቀ። እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገፍፋ፣ "ሚስቱ ስትወድቅ ነው እንዴ የሚድነው?" አለች። እሷም መሳቅ ጀመረች።

ሁለተኛውን ክር ከነጋዴው ወስደን ማጠንጠኛው ላይ ጠመጠምነው። ቀጭን ክር ሲጎተት ጣት ስለሚቆርጥ ወዳጁ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ከካላማዳሪ፣ ቆርጦ ለአባቴ ጣት መከለያ ሠራለት። ዝናቡ አልፎ ወንዙ ጎደል ሲል አራታችንም ቦኖሻ ወረድን። እናቴ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ወንዙን አይታው አታውቅም ነበር። ትሉን ከእንሰቱ ሥር ቆፍራ በቆርቆሮ ያመጣችው ግን እሷ ነች፤ መንገዱን ሙሉም እንዳይሞት በቅጠል ስትሸፍነው ነበር።

ጭቃ የሌለበት ሣራማ ዳርቻ መርጠን አባቴን አስቀመጥነው። በግራ እጁ ለመወርወር ብዙ ጊዜ ሞከረ። አንዴ እርሳሱ ከኋላችን ግራር ላይ ተሰቀለ፤ አንዴ እግሩ ሥር ወደቀ። ወዳጁ ሊወረውርለት ሲነሳ እናቴ በዓይኗ መለሰችው። በመጨረሻ ክሩ በደንብ ሄደና ውሃው ውስጥ ገባ። አባቴ ክሩን ቀኝ ጣቶቹ መሐል አስገብቶ ዓይኑን ጨፈነ። እናቴ ከኋላው ተቀምጣ የጃኬቱን ጫፍ ጨብጣ ነበር።

ትናንሽ ነጫጭ ዓሣዎች ያዘ። አንዱን ባወጣ ቁጥር እኔ ጣቶቹን ፈልቅቄ ክሩን አስለቅቀዋለሁ፤ እናቴ ታየኝ ነበር። ከቀትር በኋላ ክሩ በአንዴ ተወጠረና ወደ ወንዙ መሐል መሮጥ ጀመረ። የአባቴ እጅ ተጨበጠ። ክንዱ ወደፊት ተዘረጋ፣ ትከሻው ተከተለ። ከውሃው ላይ የአምባዛ ሰፊ ጥቁር ጀርባ ብቅ ብሎ ጠፋ። እናቴ ጃኬቱን በሁለት እጇ ስባ ስሙን ጠራች። ክሩ ተበጠሰ።

አባቴ ወደ ኋላ ተመልሶ እናቴ ደረት ላይ ተደገፈ። ከተጨበጠው እጁ ትንሽ ክር ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

"በእኔ ክር ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ወዳጁ ጀመረ።

"በአንተ ክር ቢሆን እኔም ሄጄ ነበር" አለው አባቴ። ከታመመ ወዲህ ሳያቋርጥ ከተናገራቸው ረጅሙ ይህ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ እንቅልፍ ወሰደው። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ያ ዓሣ በጣም ትልቅ ነበር አይደል?" አለችኝ። እንደማይረባ ነገር መስኮቱን እያየች ደግሞ ጨመረች፤ "እጁን በጊዜ ብንፈታለት ኖሮ ክር ይሰጠው ነበር። ክሩ ባልተበጠሰ።"

ከዚያ በኋላ ኳሷን ከመስኮቱ አንስታ የእጅ እንቅስቃሴውን ከእሱ ጋር የያዘችው እሷ ናት። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሱ ክር ይጨብጣል፣ እሷ ትጎትታለች፤ "አሁን" ሲላት ሌባ ጣቱን ብቻ ታነሳለታለች፣ ክሩ ሾልኮ ይሄዳል፣ ከዚያ ጣቱን ትለቅለታለች። እየቆየ ጣቱ ሳትነካውም ትንሽ ትንሽ መነሳት ጀመረ። ባለሙያዋ አይታ ደስ አላት፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችል ግን ሳትደብቅ ነገረችን።

እኔ የፈተና ሰሞን ስለሆነብኝ መሄድ ያልቻልኩበት ቅዳሜ ነበር፤ ሦስቱ ብቻ ሄዱ። የተማሪ ወረቀት እያረምኩ ስልኬ ጠራ። እናቴ ነበረች፤ ከነፋሱ ጋር እየታገለች ትጮሃለች። አምባዛ በዚያው ቀጭን ክር ይዘዋል። ሮጠ፣ ክር ሰጡት፣ ተመለሰ፣ ጠመጠሙ፣ ደግሞ ሮጠ። ጣቱን እሷ ታነሳለች፣ መቼ እንደሚነሳ እሱ ይነግራታል። ፀሐይ እስክታዘቅዝቅ እንዲህ ሲያደርጉ ቆይተው ዓሣው ደክሞት ዳር መጣላቸው፤ ወዳጃቸው ውሃ ውስጥ ገብቶ አቅፎ አወጣው። ከኋላዋ የአባቴ ድምፅ ይሰማኛል፤ ርዝመቱን ንገሪያት ይላታል። እሷም ቆይ እየነገርኳት ነው ትለዋለች።

አሁን ክረምት ስለሆነና ወንዙ ስለሞላ አይሄዱም። አባቴ ብዙውን ጊዜ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንጠቆ ይስላል። ትናንት ምሳ ይዤላቸው ስሄድ እናቴ ገና ከበሩ ሳልገባ፣ ወደ ቦኖሻ ከሚመላለሱት የትምህርት ቤታችን አስተማሪዎች መንገዱ መድረቅ አለመድረቁን እንድጠይቅላት ነገረችኝ።